ካርታው የማን ነው? ስለ አሜሪካ የምርጫ ክልሎችና ስለ አናሳዎች ውክልና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ2025 ሰመር ወዲህ ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር የካርታ ወሬ ይነሳል። ቴክሳስ ምን ነካት? ካሊፎርኒያስ ለምን ተከተለቻት? የፖለቲካ ሳይንስ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። እኔ ደግሞ ክርክራቸውን ማንበብ ስለምወድ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ደጋግሜ የምመልሰውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

“ካርታ” የምትሉት ምኑን ነው?

የምርጫ ክልሎችን ወሰን ነው። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫ አለው። በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠርና መቀመጫዎቹ ለግዛቶቹ ይደለደላሉ። ከ2020ው ቆጠራ በኋላ ለቨርጂኒያ 11፣ ለሜሪላንድ 8 ደረሳቸው። አንድ ክልል በአማካይ 761,000 ሰው ገደማ ይይዛል።

ጠቡ የሚጀምረው ግዛቱ የደረሰውን መቀመጫ በየት በየት በኩል ልክፈለው ሲል ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች መስመሩን የሚያሰምረው የግዛቱ ምክር ቤት ነው። እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ደግሞ ራሳቸው ተወዳዳሪ፣ ወይም የተወዳዳሪ ጓድ ናቸው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው ነገሩ።

ሕዝቡ እኩል ከተከፈለ ታዲያ ተንኮሉ የት ላይ ነው?

ድሮ እኩልም አልነበረም። ቴነሲ ከ1901 በኋላ 60 ዓመት ያህል ወሰኗን አልነካችም። ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ሲጎርፍ የአንድ ገበሬ ድምፅ የብዙ ከተሜዎችን ያህል ከበደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1962 “ይህ እኛን ያገባናል” አለ። በ1964 ደግሞ ክልሎች በሕዝብ ብዛት እኩል ይሁኑ ብሎ ወሰነ።

ስለዚህ ዛሬ ቁጥሩ እኩል ነው። ተንኮሉ ማን ከማን ጋር ይመደብ በሚለው ላይ ነው። በእድር ላስረዳ።

35 አባላት ያሉት እድር አለ እንበል። 20ዎቹ የላይ ሰፈር፣ 15ቱ የታች ሰፈር ሰዎች ናቸው። ሰባት ሰባት ሆነው በ5 ቡድን ይከፈሉና ከየቡድኑ አንድ የኮሚቴ አባል ይመርጣሉ። ሁሉም የሚመርጠው የሰፈሩን ልጅ ነው። መዳቢው ጸሐፊ የላይ ሰፈር ሰው ነው። በእያንዳንዱ ቡድን 4 የላይ፣ 3 የታች ሰፈር ሰው ያስገባል። ውጤቱ 5 ለ 0። የታች ሰፈር ሰዎች ከእድሩ 40 ከመቶ በላይ ሆነው ኮሚቴው ውስጥ አንድ ሰው እንኳ የላቸውም።

አሁን እስክርቢቶውን ለታች ሰፈር ሰው ስጡት። 14 የላይ ሰፈር ሰዎችን ሁለት ቡድን ውስጥ ይጠቀጥቃቸዋል። የቀሩትን 6 በሦስቱ ቡድን ሁለት ሁለት አድርጎ ይበትናቸዋል። ታች ሰፈር 3 ለ 2 አሸነፈ። ሐሳቡን የቀየረ አባል የለም፤ የተሰረቀ ኮሮጆም የለም። የተቀየረው የስም ዝርዝሩ ብቻ ነው።

አንዱ ዘዴ መበተን፣ ሌላው መጠቅጠቅ ይባላል። የተጣመመ ካርታ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የተቀመመ ነው።

ጄሪማንደሪንግ የሚሉት ይህንን ነው?

አዎ። በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ የራሱን ፓርቲ የሚጠቅም ካርታ ፈረመ። ከክልሎቹ አንዱ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነበር። አንድ የቦስተን ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ቀጥሎለት አውሬ አድርጎ ሣለው። የገዥው ስምና ሳላማንደር የሚባለው እንሽላሊት መሳይ ፍጥረት ተዳቅለው ቃሉ ተወለደ። ሰውየው በኋላ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ የሚታወሰው ግን በእንሽላሊቱ ነው።

በነገራችን ላይ መልክ ያታልላል። ዛሬ በኮምፒውተር፣ ሲያዩት አራት ማዕዘን የመሰለ ግን ውስጡ የተበላ ካርታ መሥራት ይቻላል።

ዘር እዚህ ውስጥ እንዴት ገባ?

በአላባማ ግዛት ተስኪጊ የምትባል ከተማ አለች። ወሰኗ አራት ማዕዘን ነበር። በ1957 የግዛቱ ምክር ቤት ባለ 28 ጎን አደረገው። 400 ያህል ጥቁር መራጮች ነበሩ፤ ከአራት ወይም ከአምስት በስተቀር ሁሉም ከከተማው ወጡ። ቤታቸው የቆመበት ሳይነቃነቅ እነሱ የከተማዋ ሰዎች መሆናቸው ቀረ። አንድም ነጭ መራጭ አልወጣም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1960 ይህ አይሆንም አለ።

ከዚያ በ1965 የድምፅ መብት ሕግ መጣ። መጀመሪያ ሥራው ጥቁሮች እንዳይመዘገቡ የሚከለክሉ መሰናክሎችን ማንሳት ነበር። ሰው ተመዝግቦ መምረጥ ሲጀምር ግን ዘዴው ተለወጠ። ምረጥ፣ ግን ድምፅህ ምንም እንዳያመጣ እናደርገዋለን ተባለ። ኮንግረስ በ1982 ሕጉን አሻሽሎ ክፉ ሐሳብ መኖሩን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ውጤቱ ይታይ አለ። በ1986 ፍርድ ቤቱ ከኖርዝ ካሮላይና በመጣ ጉዳይ ሦስት መመዘኛ አስቀመጠ። አናሳው ቡድን የአንድ ክልል አብላጫ ለመሆን የሚበቃና በአንድ አካባቢ የተሰባሰበ ነው? አባላቱ በአንድ ልብ ይመርጣሉ? የነጩ አብላጫ ተባብሮ እጩያቸውን ሁልጊዜ ይጥላል?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላ ጫፍ ሄደ። የኖርዝ ካሮላይና 12ኛ ክልል ኢንተርስቴት 85ን ተከትሎ 160 ማይል ያህል ተዘረጋ። አንዳንድ ቦታ ስፋቱ የሀይዌዩን ያህል ብቻ ነበር። የመኪናህን በሮች ከፍተህ ብትነዳ የክልሉን ሰው አብዛኛውን ትገጫለህ ተብሎ ተቀልዶበታል። ይህ ክልልና ሌላ አንድ ክልል በ1992 ሁለት ጥቁር ተወካዮችን ወደ ዋሽንግተን ላኩ፤ ግዛቱ ከ1901 ወዲህ አንድም አልነበረውም። ፍርድ ቤቱ በ1993 ዘርን ብቻ አይቶ እንዲህ የሚጣመም ካርታ በጥብቅ ይመረመራል አለ። ከዚያ ወዲህ ካርታ ሠሪው መከራው ነው። ዘርን ካላየ ይከሰሳል፣ አብዝቶ ካየም ይከሰሳል።

ድምፅ ሚስጥር አይደል? ተመራማሪዎች ጥቁሩ ለማን፣ ነጩ ለማን እንደመረጠ በምን ያውቃሉ?

እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ጥያቄ ይህ ነው። የሚታወቁት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። በየምርጫ ጣቢያው ምን ዓይነት ሰዎች እንደሚኖሩና እጩው እዚያ ስንት ድምፅ እንዳገኘ። ከሁለቱ ተነስቶ ወደ ሦስተኛው መድረስ ነው ሥራው።

እንዲህ እንበል። አንድ ጣቢያ 100 ሰው መረጠ፤ 80ው ጥቁር ናቸው። እጩው 90 ድምፅ አገኘ። የቀሩት 20 በሙሉ ለእሱ ሰጡ ብንል እንኳ ቢያንስ 70ው ድምፅ ከጥቁሮቹ የመጣ ነው። ማንም ሳይናገር ይህን አወቅን። በመቶዎች በሚቆጠሩ ጣቢያዎች እንዲህ ሲደረግ ሥዕሉ እየጠራ ይሄዳል። የሃርቫርዱ ጋሪ ኪንግ በ1997 ይህን ወሰን የመለየት ሐሳብ ከስታትስቲክስ ጋር ያጣመረ ዘዴ አቀረበ። ዘዴውና ከእሱ የተወለዱት ዛሬ ፍርድ ቤት ውስጥ የተለመዱ ናቸው።

አደጋም አለው። ኢትዮጵያውያን የበዙበት ጣቢያ እገሌን መረጠ ማለት ኢትዮጵያውያኑ መረጡት ማለት ላይሆን ይችላል። ጎረቤቶቻቸው ይሆናሉ። ግማሽ ለግማሽ የተደባለቀ ሰፈር ላይ ዘዴው ብዙ አይረዳም።

አላባማ ላይ በቅርቡ ምን ሆነ?

የአላባማ ሕዝብ 27 ከመቶው ጥቁር ነው። ግዛቱ 7 መቀመጫ አለው። ጥቁሮች ብዙ የሆኑበት ክልል ግን አንድ ብቻ ነበር። ብላክ ቤልት የሚባለው፣ ስሙን መጀመሪያ ከጥቁር አፈሩ ያገኘው አካባቢ፣ ተቆራርጦ ለተለያዩ ክልሎች ተከፋፍሏል። በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ካርታው ሕጉን ሳይጥስ አይቀርም ያለውን የበታች ፍርድ ቤት ውሳኔ አጸና። ብዙ ሰው አልጠበቀውም።

የግዛቱ ምክር ቤት ቢታዘዝም ያው አንድ የጥቁር አብላጫ ክልል ያለው ካርታ ይዞ ተመለሰ። በመጨረሻ የበታች ፍርድ ቤቱ በሾመው ባለሙያ በኩል ካርታው ተሠራ። በ2024 ጥቁሩ እጩ ሾማሪ ፊገርስ ከአዲሱ 2ኛ ክልል አሸንፎ ገባ።

ሉዊዚያና ላይም ተመሳሳይ ታሪክ ነው። ሦስተኛው ሰው ጥቁር በሆነበት ግዛት ከ6 ክልል አንዱ ብቻ ነበር የጥቁር አብላጫ ያለው፤ ሁለተኛው ተጨመረ። ወዲያው “ይህ ራሱ በዘር መከፋፈል ነው” የሚሉ ከሰሱ። ጉዳዩ በኦክቶበር 2025 ለሁለተኛ ጊዜ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሰማ። ክርክሩ ስለ አንድ ካርታ ብቻ አልነበረም፤ የ1965ቱ ሕግ ዋና አንቀጽ ራሱ ነበር ሚዛን ላይ የወጣው።

ፓርቲን ለመጥቀም ብሎ ካርታ መሥራት ወንጀል አይደለም እንዴ?

በፌዴራል ፍርድ ቤት አይደለም። በ2016 የኖርዝ ካሮላይና ሪፐብሊካኖች አልደበቁትም። የካርታውን ሥራ ከመሩት አንዱ፣ ለእኛ 10፣ ለዲሞክራቶቹ 3 እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ፤ 11 ለ 2 ያላልኩት የሚቻል ስላልመሰለኝ ነው አለ። በአደባባይ! የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ጆዌ ቼን በኮምፒውተር የፓርቲ መረጃ ያልገባባቸው 3,000 ካርታዎች ሠራ። ከ3,000ዎቹ እያንዳንዱ ከግዛቱ ካርታ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ዲሞክራት ያስመርጥ ነበር። “በአጋጣሚ ነው” የሚባል ነገር አለቀለት።

ያው ካርታ ግሪንስቦሮ ያለውን የጥቁሮች ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲ፣ ኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲን፣ ከግቢው መሃል ለሁለት ከፍሎት ነበር። ተማሪዎቹ አንድ ካፌ እየበሉ ሁለት ክልል ውስጥ ይመርጡ ነበር። መበተን ሲባል ይህ ነው።

ሆኖም በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 እንዲህ ዓይነቱ ክርክር የፖለቲካ እንጂ የፌዴራል ዳኞች ሥራ አይደለም አለ። እኔ ይህ ውሳኔ ትልቅ ቀዳዳ ከፍቷል ከሚሉት ወገን ነኝ። በደቡብ ግዛቶች ዘርና ፓርቲ እጅና ጓንት ናቸው። ካርታ ሠሪው “ጥቁር ስለሆኑ አይደለም፣ ዲሞክራት ስለሆኑ ነው የበተንኳቸው” ካለ የሚያመልጥበት በር አለው። በ2024 ደግሞ ከሳውዝ ካሮላይና በመጣ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ዘርና ፓርቲን ነጣጥሎ የማሳየቱን ሸክም በከሳሾች ላይ ይበልጥ አከበደው።

ተወካዬ የግድ እኔን መምሰል አለበት?

ይህ የፖለቲካ ሳይንስ አሮጌ ጥያቄ ነው። ምሁሯ ሀና ፒትኪን በ1967 ሁለት ነገሮችን ለየች። አንዱ በመልክ፣ በዘር፣ በታሪክ የሚመስልህ ሰው ወንበሩ ላይ መቀመጡ ነው። ሌላው የማንም ልጅ ይሁን፣ ለአንተ ጉዳይ መሥራቱ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

በ1992 ጥቁሮችን አንድ ላይ የሰበሰቡ ብዙ ክልሎች ተፈጠሩና በኮንግረስ የጥቁር ተወካዮች ቁጥር በአንዴ ዘለለ። በ1994 ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ ምክር ቤቱን ያዙ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ሁለቱ ይያያዛሉ አሉ። ጥቁሮች አንድ ቦታ ሲጠቀጠቁ የአጎራባች ክልሎች ዲሞክራቶች ድጋፍ አጡ፤ ወንበር ተገኘ፣ አብላጫ ጠፋ። ሌሎች ደግሞ የደቡብ ነጮች ያለዚያም ከዲሞክራቶቹ እየወጡ ነበር፣ ካርታው ያመጣው ጥቂቱን ነው ብለው ተከራከሩ። የሁለተኞቹ ማስረጃ ለእኔ ይበልጥ ያሳምነኛል።

የጎረቤት ምሳሌ ላምጣ። የኤርትራ ስደተኞች ልጅ የሆነው ጆ ንጉሤ በ2018 ከኮሎራዶ 2ኛ ክልል ተመረጠ። ቦልደርና ፎርት ኮሊንስ ያሉበት፣ ነጮች እጅግ የሚበዙበት ክልል ነው። ስለዚህ አይቻልም አይባልም። ግን ቦልደር ላይ የተቻለ ነገር አላባማ ገጠር ላይም ይቻላል ብሎ መናገር የዋህነት ነው።

እኛ ሐበሾች የራሳችን ዲስትሪክት ሊኖረን ይችላል?

በኮንግረስ ደረጃ፣ አይ። ሒሳቡ አይፈቅድም። በ2009 ፍርድ ቤቱ ከክልሉ ግማሽ በላይ መሆን የማይችል ቡድን በ1965ቱ ሕግ ዋና አንቀጽ ክልል መጠየቅ አይችልም ብሏል። የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻን እዩት። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው፣ መሃሉ ዲሲ ነው። የበተነን ማንም የለም፤ በኪራይ ዋጋ ራሳችን ተበተንን።

በከተማና በካውንቲ ደረጃ ግን ሌላ ነው። ብዙ ቦታ ካርታ ሠሪዎች “የጋራ ጥቅም ያለው ማኅበረሰብ” የሚባለውን እንዳይቆርጡ ይመከራሉ ወይም ይገደዳሉ። የሎስ አንጀለስ ኮሪያውያን ታሪክ ይህን ያሳያል። ኮሪያታውን በ1992ቱ ረብሻ ሲቃጠል ሰፈሩ በበርካታ የከተማ ምክር ቤት ክልሎች ተከፋፍሎ ነበር። የሁሉም ስለነበር የማንም አልነበረም። ሰዎቹ በየማካለሉ ወቅት እየመጡ ተሟገቱ፤ በ2021 ሰፈሩ አንድ ክልል ውስጥ ገባ። ወደ 30 ዓመት ፈጀባቸው።

ዜጋ አይደለሁም። ምን አገባኝ?

በጣም ያገባሃል፤ አንቺንም ያገባሻል። ክልሎች በተለምዶ የሚሠሩት በነዋሪ ቁጥር እንጂ በመራጭ ቁጥር አይደለም። ባለ ግሪን ካርዱ፣ ጥገኝነት ጠያቂው፣ ትናንት የተወለደው ሕፃን፣ ሁሉም ይቆጠራል። ቴክሳስ ውስጥ “መራጭ ብቻ ይቆጠር” ያሉ ሰዎች ከሰው በ2016 ተሸንፈዋል።

በ2020 ቆጠራ ላይ “ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን” ከሚለው ሥር የሚሞላ ክፍት ቦታ ነበረ። በምሳሌነት ከተጻፉት ውስጥ ኢትዮጵያዊ የሚል አለ። ብዙ ሰው አላየውም። አንድ ዘመዴ ቅጹ የመጣው ከኢሚግሬሽን መስሎት ማይክሮዌቩ ላይ አስቀምጦ ረሳው። አራት ሰው ያለበት ቤት ነው። የቆጠራ ቢሮው ራሱ በኋላ ባደረገው ማጣሪያ ጥቁሮች 3.3 ከመቶ ያህል ጎድለው መቆጠራቸውን አምኗል። የግለሰብ መልስ ደግሞ በሕግ የተቆለፈ ነው፤ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው።

የምርጫ ወረቀት በአማርኛ ለምን አናገኝም?

የፌዴራሉ የቋንቋ ድንጋጌ የሚሸፍነው ስፓኒሽን፣ የእስያን፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችንና የአላስካ ተወላጆችን ቋንቋዎች ነው። የአፍሪካ ቋንቋ፣ ተናጋሪው ምንም ያህል ቢበዛ፣ አይገባበትም። ዲሲ ግን በ2004 ባወጣችው የራሷ ሕግ አማርኛን ከምታገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጋለች። ሌላ ቦታ ያላችሁ ይህን ያዙ፦ ማንበብ ወይም መጻፍ የሚቸግረው መራጭ የሚረዳውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ መግባት ይችላል። አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ብቻ እንዳይሆን። እናቶቻችንን ይዘን መግባት መብታችን ነው።

ገለልተኛ ኮሚሽን መፍትሔ አይሆንም?

ብዙ ጊዜ ይሻላል። የካሊፎርኒያው 14 ዜጎች አሉት፦ 5 ዲሞክራት፣ 5 ሪፐብሊካን፣ 4 ከሁለቱም ያልሆኑ። ግን ኮሚሽንም ሰው ነው። የቨርጂኒያው ኮሚሽን በ2021 ግማሽ ለግማሽ ተፋጥጦ ምንም ሳይሠራ ቀረ፤ ካርታውን የሠራው የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሆነ።

ከዚያ 2025 መጣ። ቴክሳስ ቆጠራ ሳይደረግ፣ አምስት ያህል ተጨማሪ መቀመጫ ለሪፐብሊካን ለማግኘት ካርታዋን ቀየረች። ዲሞክራቶቹ ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሟላ ወደ ኢሊኖይ ሸሽተው ነበር፤ ቀኑን አራዘሙት እንጂ አላስቀሩትም። ካሊፎርኒያ በኖቬምበር ሕዝቧን ጠይቃ የኮሚሽኑን ካርታ ለጊዜው ወደ ጎን አደረገች። እልህ ነው። አንዱ ትጥቅ ሲፈታ ሌላው ካልፈታ የሚሆነው ይኸው ነው።

ክልል የሌለበት አገር የለም?

እስራኤልን ውሰዱ። አገሩ በሙሉ አንድ ክልል ነው፤ 120ው የክነሴት መቀመጫ ለፓርቲዎች እንደ ድምፃቸው ይከፋፈላል። የሚሰመር መስመር የለም። ቤተ እስራኤላውያን እዚያ ወንበር የሚያገኙት ፓርቲ በዝርዝሩ ላይ ከፍ አድርጎ ሲያስቀምጣቸው ነው። አዲሱ መሰለ በ1996 የገባው በሌበር ዝርዝር ነበር። ካርታ ሠሪውን ስትሸሽ የፓርቲ አለቃ እጅ ትወድቃለህ።

እኛ አገር ያለው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው፤ በየክልሉ አንደኛ የወጣ ብቻ ይገባል። በ2007 ዓ.ም (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) 547ቱም መቀመጫ ለገዥው ግንባርና ለአጋሮቹ የሄደው በዚህ ሥርዓት ነው። በአንጻሩ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ለአናሳ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ ያስቀምጣል። አሜሪካኖች በካርታ ጥምዘዛ የሚፈልጉትን እኛ በቀጥታ ጽፈነዋል ማለት ነው። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይሁን፣ የምርጫ ክልልም በእሱ ይወሰን ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ ግን የ1999 ዓ.ም ነው። የቴነሲን ታሪክ አስታውሱ።

ማካለል ላይ ሕዝብ ሲጠራ ሄጄ ምን ልበል?

ስለ ፍትሕ ንግግር አታድርጉ። ብዙ ቦታ የሚሰጠው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። የሰፈራችሁን ካርታ አትሙና በእስክርቢቶ አክብቡ። ቤተ ክርስቲያኑ እዚህ፣ መስጊዱ እዚህ፣ ልጆቹ የሚማሩት እዚህ፣ እንጀራ የምንገዛው ከዚህ፣ አውቶቡሱ በዚህ ይሄዳል በሉ። ከዚያ አሁን ያለው መስመር የት ላይ እንደሚቆርጠው አሳዩና የት ቢሆን እንደሚሻል የመንገዱን ስም ጥሩ። “ሁለት ብሎክ ወደ ምሥራቅ ግፉልን” የሚል ጥያቄ የሚጽፈው ሰው ያገኛል።